የቲሞን ቁልፍ

ግዳንስክ ላይ ኅዳር ነው፤ ዶፉ ይወርዳል፣
ከባልቲክ የሚነሣው ንፋስ ፊት ይገርፋል፤
የመኪናዬ መጥረጊያ ግራ ቀኝ ይላል፣
ቲሞን ከኋላ ሆኖ ይቆጥረዋል።
"መቶ አሥራ አንድ... መቶ አሥራ ሁለት..."
ሰባት ዓመቱ ነው። ይህ ሦስተኛ ቤት።

ልብሱ በጥቁር ፌስታል፤ የጥርስ ብሩሹ ጠፍቷል፤
አንዱ ጫማ ጠቦታል፣ አንዱ ደግሞ ሰፍቷል።
ዶክተሯ ብትለምነው፣ ዳኛዋ ብታባብል፣
የግራ እጁ ጣቶች ወይ ፍንክች! በቀኙ ብቻ ይበላል።
ምን እንደ ጨበጠ እኔ ነኝ የማውቀው፤
የቤታቸው ቁልፍ ነው።

አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ፤
እናቱ የሰጠችው፣ በክር አንገቱ ላይ አሥራ፣
"ብዘገይ እንኳ ከፍተህ ግባ" ብላ።
አራት ቀን ዘገየች።
በአምስተኛው ጎረቤት ደወለ።

እኔ ግን የማውቀው፣ እሱ የማያውቀው፣
አከራዩ ባለፈው ወር የበሩን ቁልፍ ለወጠው፤
አዲስ ሲሊንደር አለው፣ አዲስ ተከራይ አለው፤
ያ ቁልፍ በዚህ ዓለም አንድ የሚከፍተው በር የለው።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ሥራ ስሠራ
ክፉ ወሬ ለልጅ መንገር ለምጃለሁ በተራ፤
ይቺን ለማለት ግን ምላሴ ፈራ።

በሩን ሐሊና ከፈተች። "ግባ ልጄ" አላለች፤
ደረጃው ላይ ከጎኑ ዝም ብላ ተቀመጠች።
ባሏ ቪቶልድ መጣ፣ የመርከብ ፋብሪካ ጡረተኛ፣
ቁልፍ ሠሪ ነበር፤ ወሬ ላይ ድኻ ነው፣ እጁ ግን ምላሰኛ።
የልጁን ጡጫ አየ። ቀና ብሎ እኔን አየ።
ምንም ሳይጠይቅ ቆየ።

በሦስተኛው ቀን "ነይ" አለኝ ደውሎ በጠዋት፤
በኛ ሥራ "ነይ" ማለት "አልቻልነውም" ማለት።
ባዶ ፌስታል አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣
እየነዳሁ በስልክ አራተኛ ቤት ፈለግኩ።

ስደርስ የበራቸው ቁልፍ ከነሆዱ ተነቅሏል፤
ጋዜጣ ላይ የናስ ቅንጣቶች ተሰልፈዋል፤
ቪቶልድ በሆዱ ተኝቶ ወለሉ ላይ ይሞርዳል፣
ቲሞን ምላሱን አውጥቶ በመቆንጠጫ ያቀብላል።
መሐላቸው ያ ቁልፍ። ጋዜጣው ላይ።
ግራ እጁን ሳየው ተፈቷል፤ የጥርሱ ንክሻ ብቻ ቀርቷል መዳፉ ላይ።

"ቁልፉ አይነካም" አለኝ ሽማግሌው፣ ቀና ሳይል ከሥራው፤
"ልጁማ ቁልፍ አለው፤ በሩ ነው የቸገረው።"

እኩለ ቀን ሲሆን ቲሞን ብቻውን ወጣ፤
በሩን ዘግተን ቆምን፤ የሐሊና ፊት ነጣ።
ቀጭ።
ሳተ።
ቀጭ። ደግሞ ሳተ። ከዚያ ሲሊንደሩ ዞረ፤
ገባ። ወጣ፣ ቆለፈ፣ እንደገና ሞከረ።
አሥራ አራት ጊዜ። አሁን እኔ ነኝ የቆጠርኩ።

ልሄድ ስል ደረጃው ድረስ ሮጦ ተከተለኝ፤
"ቦዤና" ብሎ በስሜ፣ መጀመሪያ ጊዜው፣ ጠየቀኝ፦
"እናቴም እኮ አላት፤ የሷም ቁልፍ ያው ነው።
አሁን የሷም ይህን በር ይከፍታል ማለት ነው?"
ከኋላው ቪቶልድ ሞረዱን እንደያዘ ቆመ።
ይህን አላሰበውም። እኔም አላሰብኩትም።

ማታ ቢሮዬ ውስጥ ቅጹ ፊቴ ተዘርግቷል፤
ክብደቱን ሞልቻለሁ፣ ክትባቱ ተሞልቷል፤
"የበሩ ቁልፍ ይሠራል?" "አዎ" አልኩ፤ ደግሜ አሰመርኩበት።
"ቁልፍ ያላቸው ሰዎች ብዛት?"
ሦስት ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩት።
አራት።
እሱንም ልሰርዘው እስክሪብቶዬን አነሣሁ፣
ዝናቡን እያዳመጥኩ
ይኸው እስካሁን አለሁ።