አልጋ በፈረቃ

ነሐሴ ነው፣ ሻርጃ፤ ከሌሊቱ ስምንት፤
መስኮቱ በውጭ በኩል አልቦታል እንደ ሰው ግንባር።
ሺሃብ በስልክ፦ «ሰርቨሩ ሞተ፣ ቶሎ በል እንጂ፤
የጭነት ወረቀት አይወጣም፣ ሾፌሮቹ ቆመዋል በር በር።»

አልሞተም። የሞተ ማሽን ዝምታው ሌላ ነው፤
ይኼ ይተነፍሳል። አንዲት ፊደል ብጽፍለት
ውሃ ጠጥቼ ስመለስ ያቺን ፊደል ያወጣታል፣
እንደ ጆሮ ደካማ ምስክር፣ ሦስቴ እንደጠሩት።

ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቷል፤ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል።
የዲስኩ መብራት ግን ብልጭ፣ ብልጭ፣ ዐይኑን አልከደነ።
የማሰብ አይደለም ሕመሙ፤
ማደሪያ አጥቶ ነው የባከነ።

ሜሞሪው ሠላሳ ሁለት ጊጋ፤ ባዶው እፍኝ አይሞላም።
ጀማሪ ሳለሁ ይኼን አይቼ እደነግጥ ነበር፤
ኋላ ገባኝ፦ ወንበር የያዘ ካፖርት
እንግዳ ሲመጣ ይነሣል፣ አያጣላም።
ዛሬ ግን ካፖርትም የለ፤ ወንበሩ ሁሉ ሰው ነው።

ስዋፑም ሙሉ። እሱም ብቻውን ወንጀል አይሆንም፤
የተኛ ይተኛ፣ ካልቀሰቀሱት።
የሚያስፈራው ገቢና ወጪው ነው፣ ሁለቱ ዓምድ፤
በየሰከንዱ ሺህ ሲገባ፣ ሺህ በዚያው በር ሲያስወጡት፣
ፍራሽ ተሸክሞ የሚሮጥ እንጂ
የሚሠራ የለም እዚያ ቤት።

እዚያ ቤት ኖሬያለሁ።
ሰናዒያ፣ ከጎማ ጥገናው ጀርባ፣ አሥራ ሁለት ሰው በስድስት አልጋ፤
የቀኑ ሲነሣ የሌሊቱ ይወድቃል፣
የትራሱ ጎድጓዳ ሳይሞላ፣ የአንሶላው ሙቀት ሳይረጋ።
ሒሳቡ ይሠራ ነበር፣ እስከ ሐሙስ ማታ።
ዓርብ ሁላችንም ቤት ነን። ያን ቀን
ከአልጋ ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ወደ ደረጃ ስንጓጓዝ እንውልና
ሳንሠራ ደክመን፣ ሳንተኛ ይነጋል።

ባለቤቱ ግን ለመጣ ሁሉ «ቦታ አለ» ይላል።
ከርነልም እንደሱ ነው፤ የጠየቀውን ሁሉ እሺ ብሎ
ላም አለኝ በሰማይ ያስፈርማል፤
ጉዱ የሚመጣው ሁሉም በአንድ ሌሊት
ወተቷን ሊያልብ ሲነሣ ነው፣ ጮጮ አንጠልጥሎ።

ሎጉን ወደ ኋላ ገለበጥኩ።
ሰባት ሰዓት ከአርባ፦ ሜሞሪ አለቀ፤ ዳታቤዙ ተገደለ።
ሰባት ከሃምሳ፦ ተነሥቶ ነበር፤ ደግሞ ተገደለ።
ከርነል ሲጨንቀው ጥፋተኛ አይፈልግም፣ ወፍራም ይፈልጋል።
ዳታቤዙ ወፍራም ነው፤ አምናም ያው ነበር፤
የሰው ዕቃ የሚያስቀምጥ፣ ምን ያድርግ፣ ይወፍራል።

መጠን መመዘኑን ትቼ እድገት ለካሁ፣ በየአምስት ደቂቃው።
አንዲት የደረሰኝ አታሚ፣ ጠዋት መቶ ሜጋ የማትሞላ፣
አሁን አሥራ አንድ ጊጋ ላይ ተቀምጣለች፤
ትከፍታለች፣ ትወስዳለች፣ አትመልስም ኋላ።
ኮዱን ከፈትኩት። ከላይ የጻፋት ሰው ስም አለ።
የእኔ ስም።

ሸምሱ ከአልጋው ሥር ስድስት ሻንጣ ነበረው። አራቱ የእኛ ነበሩ።
ማዘጋጃ ቤት መጥቶ የቆጠረን ቀን
ባለቤቱ «አንድ ሰው ይውጣ» አለና ዐይኑ ሻንጣዎቹ ላይ አረፈ።
«ለአንድ ሌሊት» ብዬ የአክስቴን ልጅ፣
ከዚያም ጓደኛውን፣ ከዚያም የጓደኛውን ወንድም ያስገባሁት እኔ
ግድግዳ ተደግፌ ጫማዬን አሰርኩ፣ ፈታሁ፣ አሰርኩ።
ሸምሱ ዕቃችንን በየስማችን ደረደረልን፤
ሁለቱን ሻንጣ ይዞ ወጣ።

አታሚዋን አቆምኳት፤ ከሁለት ጊጋ እንዳታልፍ ልጓም አበጀሁላት።
ለሺሃብ ጻፍኩ፦ «ሾፌሮቹን አስገባ። ሜሞሪ ግዙ አትበል፣
ጥፋቱ የእኔ ነው።» አውራ ጣት ላከልኝ፣ ሌላ ቃል የለ።

ባዶው ቦታ አሥር ጊጋ ሆነ። ስዋፕ ውስጥ ግን የቀረው ቀረ፤
የወጣ ገጽ ቦታ ተገኘ ተብሎ አይመለስም፤
የሚፈልገው እስኪጠራው
እዚያው ዲስክ ላይ ይተኛል፣ አይከስም።

ሸምሱ አጅማን ነው ይባላል፣ በታክሲ ሃያ ደቂቃ።
ቁጥሩ ስልኬ ውስጥ አለ፤ ሦስት ስልክ ቀይሬ አልጠፋም።
ሊነጋ ነው። ስክሪኑ ላይ ጠቋሚው
ብቅ ጥልቅ ይላል፣ ትእዛዝ እየጠበቀ።