እጀታ የሌለው ወፍጮ

የእትአገኘሁ ትከሻ፣ ዘንድሮ እምቢ አለ፤
ዘነዘና ስታነሣ፣ ቋ ቋ እያለ።
ሐኪሙ ዳሰሰና፣ «ጅማት ነው» አላት፤
«ሙቀጫው ይቅርብሽ» ብሎ መከራት።
ቤት ስትገባ ቁጭ አለች፣ እኔን አየችና፤
«ሐኪሙ ቤት ማን ይሆን የሚወቅጥ ቡና?»

እኔ የብረት ሰው ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት
ምድር ባቡር ጋራዥ፣ ቶርኖ ላይ የኖርኩት፤
ኩሽኔታ ስሞርድ፣ አክስል ሳወጣ ስከት፣
ፀጉር ለምታህል ክፍተት፣ ከብረት ስሟገት፣
የሚስቴን ትከሻ ግን፣ ለክቼም አላየሁት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣
ደቻቱን ተሻግሬ፣ በባጃጅ ስንገላታ፣
ታይዋን ገባሁና፣ ከሱቆቹ ተርታ
ጉሌድ የሚሉት ልጅ፣ «አቦ ናማ!» አለኝ፣
ከካርቶን ውስጥ መዝዞ፣ አንድ ወፍጮ አሳየኝ።
«ይኸውልህ አባባ፣ ባለ ሁለት ምላጭ፣
መብራት ይኑር እንጂ፣ ድንጋይም የሚፈጭ!»

«መብራት ይኑር እንጂ» — ይቺን ቃል ያዝኳት፤
ገንደ ቆሬ ነው ቤቴ፣ አውቃታለሁ መብራት።
ደግሞም ከፍቼ ሳየው፣ ምላጩ ቆርቆሮ፣
ቡናውን አይፈጨው፣ ይቆራርጠዋል አባሮ፤
ግማሹ ብናኝ ሆኖ፣ ግማሹ ጠጠር አድሮ፣
አንዱ ገና ሳይበስል፣ ሌላው ያልቃል መርሮ።

«እሺ ይቺስ ሞካ?» አለኝ፣ ወገበ ቀጭኗን፤
አዙሬ ፈታሁና፣ አየሁት ጥርሷን፤
በወር ውስጥ ይላጣል፣ እንፋሎት ታፈስሳለች።
«ይቺስ ባለ መስታወት? ጫን ስትል ታጠልላለች።»
«ሦስት የልጅ ልጅ አለኝ፤ ሐሙስን አታይም» አልኩት፤
ሣቀና ሻይ ጋበዘኝ፣ ሳልገዛ ጠጣሁለት።

አሸዋ ገበያ ጥግ፣ ቁራሌው ሸምሰዲን
ራዲያተር ይከምራል፣ ድስትና ጣሳውን፤
ከሥሩ አንድ ወፍጮ፣ ዝገት የለበሰ፣
ሳጥኑ የእንጨት ነበር፣ እጀታው የተቀነጠሰ።
ጣቴን አስገባሁና፣ ጥርሱን ዳበስኩለት፤
አንድም አልተሸረፈ፣ ሾጣጣው ገጥሞለት።
ሸምሰዲን ሣቀና፣ «ተወው አቦ» አለኝ፣
«ለበር ማስደገፊያ ነው፣ ሰው የሚገዛኝ።»
«የበር ማስደገፊያ፣ ስንት ነው?» አልኩና፣
በድንጋይ ዋጋ ገዛሁት፣ የሚፈጭልኝን ቡና።

ጓሮ የወደቀች፣ የልጄ ብስክሌት
ነበረች፤ ፔዳሏን ከነክንዱ ፈታሁት፣
በወፍጮው አናት ላይ፣ በብሎን አሰርኩት።
በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ ሩዝ ፈጭቼ አጸዳሁት፣
እንዳይንገጫገጭ፣ ኩሽኔታ ሠራሁለት፤
ሲዞር ድምፅ የለውም፤ ድመቷ አልነቃችበት።

የመጀመሪያው ቡና፣ ደቀቀ ከመጠን፤
ጀበናው ቢቀመጥም፣ አልሰክን አለን።
እትአገኘሁ ቀመሰች፤ «ቡና ነው ሽሮ ነው?»
ሩብ ዙር አላላሁ፤ «ይህስ ጠጠር ነው!»
የሩቡን ግማሽ መለስኩ፤ ሦስተኛውን ቀዳች፤
አንድ ጊዜ ፉት አለች፣ ስኒውን አስቀመጠች።
«ይኸ ቡና ነው» አለች፤ ወደ በሩ አየች፤
«ፈትሒያስ?» አለችኝ፤ «ዛሬ ለምን ቀረች?»

ፈትሒያ ጎረቤት ናት፣ ከቆርቆሮው ማዶ፤
ጠርቷትም አያውቅ፣ ሰው ከቤቴ ሄዶ፤
ዘነዘናው ሲመታ፣ ትነሣለች እሷ፣
ቁንጥር ጨው ቋጥራ፣ በጫፉ በሻሿ።

በሦስተኛው ቀን ማታ፣ በሩ ላይ ቆመች፤
ወንበር ብንሰጣትም፣ «አልቀመጥም» አለች።
«እንዳልታመምሽ አውቃለሁ፣ ስትስቂ ሰማሁ፤
ቡናሽም ይሸተኛል፤ ታዲያ ምን አጠፋሁ?»
እትአገኘሁ በጣቷ፣ እኔን አሳየች፤
«ጠይቂው» ብላ ብቻ፣ ስኒ ልታጥብ ሄደች።

ሌሊቱን ተነሣሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ድምፅ ሳጠፋ ኖሬ፣
ኩሽኔታውን አወጣሁ፣ በእጄ ሰርስሬ፤
ክንዱ ይወላከፍ ጀመር፣ ብረት ብረትን በላ፤
የድሮ አለቃዬ ቢያይ፣ ያስወጣኝ ነበር በዱላ።

አሁን ወፍጮው ሲዞር፣ እንደ ፉርጎ ያፏጫል፤
ቡናው ወጥ አይደለም፣ ጠጠሩም ይወጣል።
እትአገኘሁ ታውቃለች። አንድም ቃል አትልም።

ሙቀጫው በር ይዟል፣ ነፋስ እንዳይዘጋው፤
ፈትሒያ ጨውዋን ስትፈታ፣ ሁሌ የምትለው፦
«አቦ፣ ይህ ወፍጮኮ፣ ዘይት ነው የሚያንሰው።»