ቀለም የማይዘልቀው

ሀደርስፊልድ ላይ፣ በኮልን ወንዝ ዳር፣ እኔ በኖርኩበት ሠፈር፣
ቀን የሚቆጠረው በወንዙ መልክ ነበር።
ሰኞ ቀይ ከወረደ፣ ለወታደር ካፖርት፤
ሐሙስ ጥቁር ወረደ፣ ፈረንሳይ የወደቀ ልጃቸውን አምጥተው ላፈር ላላበቁት።

እኔ ጋን አማሳይ ነበርኩ፣ ሽርጤ ቆዳ፣ ጥፍሬ ሰማያዊ፤
ሚስቴ ትራስ ስታጥብ ትሰድበኝ ነበረ፦
«አንተ የወንዝ ጋኔን፣ አንተ አረማዊ!»
ሱፍን አውቀው ነበር፤ ሱፍ ገር ነው፣ ይጠጣል፤
ጥጥ ይግደረደራል፤ ጨው ካቀመሱት ግን ልቡን ይሰጣል።

ያ አዲሱ ግን፣ ከጥጥ ጉድፍና ከሆምጣጤ ነፍስ የተወለደው፣
«ሰው ሠራሽ ሐር» ያሉት፣ እንደ ዓሣ ጎን እያብለጨለጨ ዓይን የሚያፈዘው፣
ጋን ውስጥ ከተቱት፤ ሦስት ሰዓት አፈሉት፤
ነጭ ሆኖ ወጣ።
ጨው ጨመሩ፤ አሲድ ጨመሩ፤ ሌሊቱን አሳደሩት፤
ነጭ ሆኖ ወጣ።
ዶክተር ብሬይሾ፣ ጀርመን አገር የተማረው፣ መነጽሩን አውልቆ፣
እንደ ሰነፍ ተማሪ አየው፣ ቆሞ፣ ተሳቅቆ፦
«ይሄ ቀለም አይዘልቀውም!»

ሄስተር አክሮይድ ሰማች፣ ብልቃጥ አጣቢዋ፣ ከጓዳው በር ቆማ።
ቃሉን ታውቀዋለች፤ በዘጠኝ ዓመቷ መምህሩ ብሏታል፣
ሰሌዳ ፊት አቁሞ፣ ሌላው ልጅ እየሰማ።
በአሥራ ሁለቷ ወጣች፤ ግማሽ ቀን ፈታይ፣ ግማሽ ቀን ገረድ፤
ፊደል አስቸገራት፤ እድፍ ግን ታነባለች፣ ከየት እንደተነሳ፣ የት እንደሚወርድ።

አንድ ዘር ቀለም ነበር፣ ከውሃ የተጣላ፣
ብልቃጥ ግርጌ የሚረጋ፣ ብሬይሾ «ድፊው» የሚለው፣ ብርቱካን መሳይ አተላ።
አርብ ማታ ነው፤ ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ የጋዝ መብራት፤ ያን ብልቃጥ በሳሙና አሽታ፣
በፈላ ውሃ ሞልታ፣ መፈተጊያ ጨርቅ ፈልጋ አጥታ፣
ከቅርጫቱ የዚያን ደንቆሮ ሐር ቁራጭ አወጣች።
ፈተገች።
ቆመች።

ጨርቁ ብርቱካን ሆኗል፣ ከዳር እስከ ዳር።
አጠበችው፤ አልለቀቀም። በሶዳ አሸችው፤ ያው ነበር።
«ና እስቲ እይ» አለችኝ። እጄን ሳልጠርግ ሮጥኩ።
ሳሙናው አድቅቆት እንደ ጉም በውሃው የተንሳፈፈው፣
ውሃ የጠላው ቀለም ውሃ የጠላውን ሐር ሲያገኘው፣
በባዕድ ገበያ የአገሩን ልጅ እንዳየ ሰው፣
ሰላምታ ሳይጠብቅ ገብቶ አቀፈው።
«ሰነፍ አይደለም» አለች፣ ቁራጩን ለመብራቱ እያሳየች፤
«በማይሰማው ቋንቋ ነው ሲጮሁበት የከረሙት።»
ከዚያ ዝም አለች።

ሰኞ ብሬይሾ አየ። ዓመት ሙሉ ፈጨ፣ ለካ፣ መዘነ፤
አልዋሽም፣ ቢጫውንና ቀዩን ያወጣ እሱ ነው፣
በዱቄቱ ሳል ሳንባው እየመነመነ።
የባለቤትነቱ ወረቀት መጣ፣ በቀይ ሰም የታተመ።
ሰሙን አየሁት። ስሟን ፈለግሁ፤ ዓይኔ ደከመ።
ለገና አንድ ፓውንድ ሰጧት፣ ከአዲሱ ሐርም አንድ ቀሚስ፣ ሰማያዊ።

የሚገርመው ቀሚሱ ነው።
ለእህቷ ሠርግ ለበሰችው፤ ከዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀለች፣ ከጋዝ ምድጃው አጠገብ።
በበጋ ብታወጣው እንደ ሰው ጉንጭ ቀልቷል፤ ሰማያዊው ጠፍቷል፣
ብብቱ ሥር ብቻ ቀርታለች አንዲት ቀጭን ዘለበት፣ አንዲት ቅርብ።
በኋላ የተማሩት «የጋዝ ጭስ ነው» አሉ፤ እኔ ግን «አፍሮ ነው» አልኳት፤
«እነሱ ማፈር ሲገባቸው፣ ጨርቁ አፈረላቸው።»

ሳቀችብኝ። «ጨርቅ አያፍርም» አለች፤ «ይህ ሰማያዊ ገና አላለቀም፤ ያ ነው ነገሩ።»
መቀስ አንስታ ከጫፉ ቆረጠች፣ ኪሷ ከተተችው፣
ወደ ጓዳው ገባች፤ የብልቃጡ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።
በማግስቱ ወንዙ ምን መልክ እንደያዘ
ረሳሁት።