ትዕይንት ሠላሳ ሰባት

እንግዳሸት ሲናገር የመታሁት እኔ ነኝ፣
ጣቶቼ ይመስክሩ፣ ሌላ ምስክር የለኝ።
ፒያሳ ላይ ነበር፣ ከወርቅ ቤቶቹ በላይ፣
ደረጃው የሚያቃስት፣ ጣሪያው ሰማይ የሚያሳይ።
እሱ ቆሞ ይናገራል፣ ወንበሯ አንድ ናትና፣
‹ቀን። ውጪ። መንገድ ዳር› ይላል፤ መስኮቱን ይከፍትና፣
ሊስትሮው ታች ሆኖ ሣጥኑን በብሩሽ ሲያንኳኳ፣
‹ይሄን ድምፅ ጻፊው!› ይለኛል። በምን ይጻፍ ኳ ኳ?
ታይፔ ‹ኳ› የላትም፤ ‹ካ›ን እመታና ብቻዋን
ከእግሯ ሥር በእስክሪብቶ እቀጥላለሁ ሰረዟን።

ቀድሞ ቲኬት ቆራጭ ነበር። የህንድ ፊልም ሲመጣ ግን
ከመጋረጃው ጥግ ቆሞ ይተረጉማል ለሰው ሁሉን።
ህንድኛ የት ያውቅና! አንዲት ቃል አልነበረው፤
ከንፈሯን እያየ ሆዷን ነው የሚናገረው።
ሰው በመሐረብ ሲያብስ፣ የኮቱን እጅ ሲነክስ ሲያይ፣
ደራሲ መሆኑን አወቀ፣ በዚያ ጨለማ አዳራሽ ላይ።

‹ፕሮዲውሰር ማለት ምንድን ነው?› ብዬ ብጠይቀው አንድ ቀን፣
‹ብር ተበድሮ፣› አለኝ፣ ‹የሚመልስ ብርሃን።›
ከአርመኑ ጫማ ሰፊ ሁለት ሺህ፣ ከግሪኩ ዳቦ ቤት አምስት መቶ፣
የጉለሌውን ቦታ አስይዞ፣ የሚስቱን ድሪ ሽጦ።
የሻሽወርቅ ሚስቱ፣ ወርቁ ሄዶ ሻሹ ቀረ፤
ባዶ አንገቷን ሸፈነችበት፣ ክፉ ቃል ከአፏ አልተወረወረ።
አርባ ቀን ለተዋናዩ ሁሉ ምሳ አቀረበች ከደጅ፣
ዕዳው ወለድ ወለደ፤ እነሱ ግን አልወለዱም ልጅ።

ፊልሙ ባሕር ማዶ ታጥቦ፣ በስድስት ወሩ ሲመለስ
ጉምሩክ ያዘው፤ ‹ምንድን ነው?› ‹ጥላ ነው፣ የሰው ጥላ፤ ምንም አይደል ልብስ።›
ለጥላ ቀረጥ ቢፈለግ ከመዝገቡ ጠፋ፤
እንደ መጋረጃ ጨርቅ አሰሉት፣ በሜትር፣ ሰው እያንቀላፋ።

ሳንሱሩ ሁሉን አሳለፈ፤ ሠላሳ ሰባት ላይ ቆመ።
አንድ ሰው፣ ራስ መኰንን ድልድይ ላይ፣ ዝናብ እየመታው ተደመመ።
ቃል የለም። ሙዚቃ የለም። ውኃው ከሥር ይወርዳል።
‹ሰሙስ ይኸው፣› አለ ሳንሱሩ፣ ‹ወርቁ የት ተቀብሯል?
ዝም ማለቱ ምን ለማለት ነው?›
‹ዝም ማለቱ ነው፣ ጌታዬ።›
‹ይቆረጥ።›
ተቆረጠ። መቀሱን ሰማሁት በጆሮዬ።

አሥራ አንድ ቀን ታየ። በአሥራ ሁለተኛው ከተማው ሌላ ወሬ ያዘ፤
ራዲዮው ማርሽ መታ፣ ሰልፉ ቁልቁል ተጓዘ።
አዳራሹ ለስብሰባ ተፈለገ፤ ጣሳዎቹን በጋሪ ወሰዱ፤
እንግዳሸት ደረሰኝ ጠየቀ። ሳቁበትና ሄዱ።
ከዚያ ወዲያ ማመልከቻ ጻፈ፣ ፍርድ ቤት በር፣ በሃምሳ ሳንቲም፤
ክሱን ‹ቀን። ውጪ።› ብሎ ይጀምራል። ልማድ አይለቅም።

አንድ ጠዋት ጨረቃ ፀሐይን ትጋርዳለች ተባለ።
ሠራተኛ ሰፈር አፋፍ አንድ ልጅ፣ ‹በባዶ ዓይን እንዳታዩ!› እያለ
ፊልም ቆራርጦ ይሸጣል፣ አንዱን ባሥር ሳንቲም።
እንግዳሸት ገዛ። ወደ ላይ አነሣው። አልተናገረም።
ነጠቅ አድርጌ አየሁት። የሻሽወርቅ! በስሕተት የገባች፣
ከጥግ፣ ድስት ይዛ፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ፤ ፀሐይ ከሻሿ ጀርባ ተጋረደች።
ዞር ብል ጣሪያው፣ አጥሩ፣ አስፋልቱ በሙሉ ሰው ነው፤
ሁሉም የሱን ፊልም ከዓይኑ ገጥሞ፣ አንጋጦ፣ ዝም ያለው።
‹አዳራሹ ሞላ፣› አለኝ።

ሞቷል። ፎቁም ፈረሰ፤ አሁን ሰፊ መንገድና አበባ ነው።
ካርቦን ኮፒው እኔ ጋ አለ፣ ከመቀስ የተረፈው።
አጭር ነው፦ ‹ትዕይንት ሠላሳ ሰባት።
ቀን። ውጪ። ድልድይ። ዝናብ። ሰውየው፣ ባንድ ቀጭን ኮት።
አይናገርም።›
ከዚያ በታች፣ በሱ እጅ፣ ቀለሙ ደብዝዞ፦
‹ዝናቡ ይቆይ። አትቸኩሉ።›