መጠሪያና መጥሪያ

ኮምቦልቻ ሌሊቱን ሽመናው ጋብ ብሏል፣
ሰባ ሰባት ቁጥር ጎረቤት ጠፍቶታል።
ማተሚያው፣ መቶ ሠላሳ፣ እዛው ጠረጴዛ፣
ቢጠሩት አይሰማ፣ ልክ እንደ ፈዛዛ።
ጦይባ ሽቦ ነቅላ ሽቦ ቀያየረች፣
ኋላ በካርቶን ላይ መደመር ጀመረች።

ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ለአራት ሲካፈል
ስልሳ አራት፣ ስልሳ አራት ይደርሳል ለክፍል፦
ከዜሮ፣
ከስልሳ አራት፣
ከመቶ ሃያ ስምንት —
እዚህ ላይ እርሳሱ ቆመ።

አባቷ ቃሉ ላይ በገመድ ሲለኩ
አራት ወንድማማች ዳር እንዳይነካኩ፣
ከየማሳው ራስጌ፣ ከየግርጌው ይተዋሉ
አንዳንድ ፈር፤ «ይህማ የማንም አይደል» ይላሉ።
የላዩ ለማሳው መጠሪያ፣
የታቹ ቆመው ሁሉን መጥሪያ።

ስልሳ አራትም ስም ነው፤ መቶ ሃያ ሰባት ጩኸት፤
መሀሉ ስልሳ ሁለት ጎጆ፣ አንዱ ሰባ ሰባት።
መቶ ሠላሳ ለካ ማዶ ነው መንደሩ፣
ክንድ ለክንድ ቢያድሩም አይገጥም ድንበሩ፤
ራውተር በሌለበት፣ አሻጋሪ በር፣
ጉርብትና በክንድ አይለካም ነበር።

ቁጥሩን ፍቃ ሰባ ስምንት ብላ ጻፈች።
ማተሚያው አጓራ፣ ወረቀቷ ወጣች።
አባቷ ቢኖሩ «ድንበር ገፋሽ» ባሏት፤
«ኧረ አልገፋሁም፣ አባ፤ ጎጆ ነው የነቀልኩት።»