የኦቲሊ አንሶላ

ትሩትኖቭ ጣቢያ ዳር፣ ኡፓ ወንዝ አጠገብ፣
ሠላሳ አንድ ክረምት ስትጠማ፣ ስትራብ፣
ከሲሚንቶ መደብ ላይ ለጌጥ አቆሟት፤
በየአምስት ዓመቱ ጥቁር ቀለም ቀቧት።
ቁራ ጭስ ማውጫዋ ውስጥ ጎጆ ቀለሰባት፣
ልጆች በሚስማር ስማቸውን ጫሩባት፣
ዝናብም ጊዜ አለው፤ ቀስ እያለ በላት።

ቦሁሚል፣ ጉብዝናውን ከሰል ሲማግድ የኖረ፣
ጆሮውን ለፉጨት፣ ለብረት ጩኸት የገበረ፣
ነጎድጓድ ቢያጓራ በዓይኑ የሚሰማ፣
ጎህ ሲቀድ ይመጣል፣ ሳይነቃ ከተማ፤
ጎኗን ይደባብሳል፤ አንድ ነገር ይላል፤
ምን እንደሆነ ግን እሷና እሱ ያውቃል።

ምክር ቤቱ አንድ ቀን በኪሎ ሊሸጣት፣
ሜትር የያዘ ሰው ላከና አስለካት።
ያኔ ነው ዝዴንካ፣ በያጇ፣ የተቆጣችው፤
«ላሜራ መሰለቻችሁ?» ብላ የጮኸችው።

ስድስት ዓመት ፈጀ፣ ቅዳሜ በቅዳሜ።
ቀጭን ነበርኩና ያኔ በልጅ ዕድሜ፣
በእሳት በሯ አሾልከው ከሆዷ ከተቱኝ፤
«ዝገቱን ፋቅ» ብለው አንድ መብራት ሰጡኝ።

ሳልኩ። እሷም ሳለች።
ዝም አልኩ። ዝም አለች።

ከሁለት መቶ ቱቦ ሙሉ ጤና የለ፤
ቦሁሚል በጣቱ እየነካ፣ «ይሄ ሞቷል፤ ይሄ አለ።»
በምን ሰማው? አልኳት፤ ዝዴንካ ግራሶዋን ጠረገች፤
«አጥንቱ ነው የሚሰማው» አለች።

ሚስቱ ኦቲሊ ግን ጋራዡን አትረግጥም።
«ያቺን ጥቁር ጣውንት» ትላለች፣ «አልወድም።
ሃያ ዓመት አጥቤ፣ ሃያ ዓመት አስጥቼ፣
የቀትሯ ስትመጣ በሩጫ ወጥቼ፣
ሳላነሳው በፊት ጥላሸት ዘርታበት፣
ነጭ ነገር አላውቅም በእኔ ቤት።
ደግሞስ...» ትልና ድምጿ ይወርዳል፤ «አንድዬ ወንድሜን
ጫነችው ወደ ማዕድን ጉድጓድ፤
ያለ እሱ ተመለሰች፣ በዚያው መንገድ።»

በግንቦት አንድ ሌሊት እሳት ለኮስንባት፤
ቀስ ብላ ነው የምትሞቅ፣ እንደ ታመመች እናት።
ሊነጋጋ ሲል ተነፈሰች።
ዝዴንካ ገመዱን ጨብጣ ሳበች፤
ፉጨቷ ወንዙን ተሻግሮ ተራራው ላይ ተሰበረ፤
ሰው ሁሉ እንባውን ሊደብቅ አቀረቀረ።
ያላለቀሰ ቦሁሚል ብቻ ነው፣ ከዚያ ሁሉ መላ፤
መዳፉን ብረቷ ላይ አሳርፎ፣
«የግራው ቫልቭ ጠብቋል፤ ሩብ ዙር ይላላ!»

ከዚያ ሄድን። በዝግታ።
ድልድዩን አለፍን፤ የተዘጋውን የበፍታ
ፋብሪካ አለፍን፤ ከመታጠፊያው ወዲያ፣
ከሐዲዱ ጥግ ካለችው ጓሮ፣
ገመድ ተወጥሮ፣
ጭሱ በሚነፍስበት በኩል፣ ሆን ተብሎ፣
ስምንት ነጭ አንሶላ።

እንደ ድሮው ሮጣ አላነሳችም፤
እጇን አጣጥፋ ቆመች። ፈገግም አላለችም።

ማታ ብሎን ረስቼ ቤታቸው ብሄድ፣
ቦሁሚል ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል፣
ጥፍሩ ሥር ጥቁሩ እንዳለ ነው።
እሷ ከጠረጴዛው፣ ከመብራቱ ሥር፣
አንሶላውን ዘርግታ፣
የጥላሸቱን ነጥብ በጣቷ ትከተላለች፣
ከዳር እስከ ዳር።

«አይታጠብም?» አልኳት።
ቀና ሳትል፣ «ቆይ» አለችኝ፣
«ገና አንብቤ አልጨረስኩትም።»