ሁለት መቶ ካርቶን

ሰኔ ሠላሳ ነው፤ ከዚራ ላይ ሙቀት፣
ቬንቲሌተር ያምሳል የዓመቱን ወረቀት።
ሁለት መዝገብ ፊቴ፦
አንዱ የእናት ድርጅት፣ ሳሙና የምታመርት፣
ሌላው የልጂቱ፣ መጋላ ሱቅ ያላት።

እናት ለልጅ ሸጠች አምስት መቶ ካርቶን፣
ስምንት መቶ የፈጀው ዘጠኝ መቶ ሲሆን።
«ሃምሳ ሺህ ትርፍ!» አሉኝ አቶ ረምዚ በስልክ፣
«ጻፊው እንጂ ልጄ፣ እየጠበቀ ነው ባንክ።»

እኔ ግን ተያዝኩኝ፦
ከግራ ኪስ ወጥቶ ቀኝ ኪስ የገባ ብር
ከኮቱ ሳይወጣ በምን ትርፍ ይቆጠር?
ልጅ ሆነን ከኢፍቱ፣ ከታናሽ እህቴ ጋር፣
ሱቅ እንጫወት ነበር ከደቻቱ አሸዋ ዳር፤
ሸጥኩላት፣ ሸጠችልኝ፣ ቀኑን ሙሉ ንግድ፣
ማታ ብንቆጥረው የተረፈ ጠጠር አልነበረም አንድ።

በባጃጅ ወረድኩኝ። ሮብሌ ጉንጩን ወጥሮ
ቆጠረልኝ ካርቶን፣ በአምስት በአምስት ደርድሮ።
ሦስት መቶው ሄዷል፣ ወደማላውቀው ሰው፣ ወደ ሽንሌ፣ ወደ ኤረር፤
ሁለት መቶው ግና
ግድግዳ ተደግፎ ያየን ነበር።

«ደረሰኝ አለው እኮ፤ ይሄስ አልተሸጠም?»
«ተሽጧል፣ ለራሱ ቤት። ባዕድ እጅ ካልገባ ትርፉ አልተወለደም፤
ላልተወለደ ልጅ ስም አይወጣም።»
«ሚስቴ ስምንት ወሯ ነው፤ እኛ ስም አውጥተናል፣ ሂቦ»
አለኝ ሮብሌ፣ ሳቁ ከጉንጩ እስከ ዓይኑ ተስቦ።

እንደዚያም ቢሆን
ሽያጩን ከግዢው አጣፋሁት በሙሉ፣
ሃያ ሺህ ብር ፋቅሁ፣ ከትርፉም ከዕቃውም። አቶ ረምዚ ምን ይሉ?

በሩ ሊዘጋ ሲል
አንዲት ሴት መጣች፤ ከገንደ ቆሬ ነው፣ ሠርግ አለ መሰለኝ፣
ስሟን አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅሁኝ።
ከሻሿ ቋጠሮ ላብ ያራሰው ብሯን ሁለት ጊዜ ቆጥራ
አንዱን ካርቶን ወሰደች፣ ዋጋ ቀንስ ብላ ከሮብሌ ተከራክራ።

ሮብሌ አየኝ፣ አየሁት፤ ሰኔም አልወጣ ገና፤
ከፋቅሁት ሃያ ሺህ መለስኩ መቶ ብር፣ እርሳሴን አነሣሁና።
ዓመቱን ሙሉ ስጽፍ
በዓይኔ ሲወለድ ያየሁት እሱ ብቻ ነው ትርፍ።

ስልኬ ይጮኻል፤ አቶ ረምዚ ናቸው።
ይጩኽ፤
መቶ ዘጠና ዘጠኙን አንዴ ደግሜ ልቁጠራቸው።